ሙቀት ተበዳሪው ጉልበት

የዛሬው ዝግጅታችን በብርድ ብስክሌት ስለሚነዱ ሰዎች ጉልበት ነው። አማርኛ ጉልበት በሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል፤ ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበትን መታጠፊያ፣ እንዲሁም ኃይልን። ጉልበተኛ ስንል፣ በጉልበቱ የሚያድር ስንል ስለ አጥንት እያወራን አይደለም። ቃሉ ውብ ነው፤ ብስክሌት ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ትንሽ ያሳስታል። ብስክሌቱን የሚገፋው ኃይል ከመገጣጠሚያው አይወጣም፤ የሚወጣው ከላይ ካለው የጭን ጡንቻና ከመቀመጫ ጡንቻ ነው። ሙቀቱም እንዲሁ። ጉልበት ሌላው ያመነጨውን ኃይል ያስተላልፋል፣ ሌላው ያሞቀውን ደም ይቀበላል፤ ተበዳሪ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ከዚሁ ይነሳል። በብርድ ጊዜ ጉልበት ይሸፈን፤ የሚሸፈንበት ምክንያት ግን ብዙ ሰው የሚያስበው አይደለም፤ ምክንያቱን በትክክል ካወቅን ደግሞ አሸፋፈናችንም አነዳዳችንም ይለወጣል።

ብርድ ሲባል የአውሮፓን በረዶ ብቻ ማሰብ አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ንጋት ላይ የአየሩ ሙቀት ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑ የተለመደ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ በመሆኗ በእነዚሁ ወራት ማለዳ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይታያል። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚለው አባባል የሚያወራው ድስት ውስጥ ስላለው አጥንት ነው፤ የብስክሌተኛውን አጥንት የሚያስብለት ግን የለም። የደጋው ብርድ ደግሞ አታላይ ነው። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ስለምትከር ሰው ለብሶ የሚወጣው ረፋዱን አስቦ ነው፤ የሚነዳው ግን መኪና ሳይበዛ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ለሥራ የሚሄደውም፣ ዕቃ የሚያደርሰውም፣ ከክለብ ጋር ልምምድ የሚወጣውም ይህንኑ ሰዓት ይመርጣል። በስቶክሆልም ወይም በሚኒያፖሊስ ሆናችሁ ለምታዳምጡን ደግሞ ብርዱ የማለዳ ብቻ ሳይሆን የወራት ጉዳይ ነው።

ብስክሌት በራሱ ነፋስ ይሠራል። ቅጠል በማይንቀሳቀስበት ንጋት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቆሞ እንደሚቀበል ሰው ነው። ካናዳና አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚጠቀሙበት የነፋስ ብርድ ማስሊያ አለ። በዚያ ስሌት 10 ዲግሪ የሆነ አየር በዚህ ፍጥነት ሲመታን 7 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይሰማናል፤ 8 ዲግሪ የሆነው አየር ደግሞ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚወረድ ቁልቁለት ላይ 3 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ስሌቱ የተዘጋጀው ለሚራመድ ሰው ፊት እንጂ ለብስክሌተኛ ጉልበት ስላልሆነ ቁጥሩን ቃል በቃል አንውሰደው። አሠራሩ ግን አንድ ነው። ነፋስ አየሩን አያቀዘቅዘውም፤ ከቆዳችን ጋር ተጠግቶ የሚቀመጠውን ስስ የሞቀ አየር ይገፍፈዋል፣ ሰውነት ሌላ ያሞቃል፣ ነፋሱ ያንንም ይወስደዋል። ጉልበት ደግሞ ብስክሌተኛው ሰውነት ላይ ከፊት ሆነው ነፋሱን ከሚቀበሉት ክፍሎች አንዱ ሲሆን ያለማቋረጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። አንድ አፍታ እንኳ የሞቀ አየር አርፎ የሚቀመጥበት ቦታ አይደለም።

እስኪ አሁን የተቀመጣችሁ አድማጮች እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አድርጉት። የጉልበት ሎሚ የምንለው ያ ክብ አጥንት ከቆዳው ሥር ወዲያው ይገኛል፤ በላዩ ጡንቻ የለም፣ ያለው ስብም እጅግ ጥቂት ነው። አሁን እጃችሁን አንድ ስንዝር ወደ ላይ፣ ወደ ጭናችሁ ውሰዱት። ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል። ብስክሌት ሲነዳ ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ውስጥ ፔዳሉ ላይ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ ያነሰው ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የሚነዳ ሰው ጭን ምድጃ ነው። ምድጃው ግን ከጉልበቱ በላይ ያልቃል። ጤነኛ ሰው ዐርፎ ባለበት ሰዓት በጉልበቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ሙቀት ሲለካ የሚገኘው 32 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሰውነታችን የውስጥ ሙቀት 37 መሆኑን አስታውሱ። ጉልበት ገና ከቤት ሳይወጣ ከሰውነቱ የውስጥ ሙቀት በአምስት ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ይጀምራል ማለት ነው። ነፋስ ሲጨመርበት ሰውነት ልብንና ሌሎች የውስጥ ክፍሎችን ለማዳን በእጅና በእግር ያሉትን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ተበዳሪው ሙቀት በሚፈልግበት ሰዓት አበዳሪው እጁን ይሰበስባል። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በዓለም ሁሉ የተለመደው የብስክሌት ቁምጣ የሚያልቀው ከጉልበት በላይ ነው። ምድጃውን ይሸፍንና ምድጃ የሌለውን ክፍል ለነፋስ ይተወዋል። ለሐምሌ የፈረንሳይ ሙቀት ጥሩ ልብስ ነው፤ በአዲስ አበባ አጠገብ ላለችው ሱሉልታ የኅዳር ንጋት ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ጉልበት ቀዘቀዘ እንበል፤ ታዲያ ምን ይሆናል? በመገጣጠሚያው ውስጥ የእንቁላል ነጭ የመሰለ፣ አጥንቶቹ እንዳይፋተጉ የሚያለሰልስ ፈሳሽ አለ። ይህ ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ የደጋ ማር ማለዳ ላይ ከማንኪያ አልወርድ እንደሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የታተመ አንድ ጥናት በብርድ ጊዜ የሚሰማንን የመገጣጠሚያ መገተር ከዚሁ ፈሳሽ መወፈር ጋር አያይዞታል። ፈሳሹ ሌላም ጠባይ አለው፤ ቶሎ ቶሎ ሲንቀሳቀስ ይቀጥናል፤ ይህን ጠባዩን ያዙልኝ፣ ስለ ማርሽ ሳወራ እመለስበታለሁ። ሁለተኛው ነገር ጡንቻው ነው። የጡንቻ ሙቀት በአንድ ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር በፍጥነት የሚያወጣው ኃይል ከ2 እስከ 5 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ተለክቷል። ሦስተኛው ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚገባው ይመስለኛል። እግር ሲዘረጋ የፊቱ የጭን ጡንቻ ይሳባል፣ የኋላው ደግሞ መላላት አለበት። በፊንላንድ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ጡንቻ ሲቀዘቅዝ ይህ ቅንጅት ይታወካል፤ የሚሠራው ጡንቻ ይደክማል፣ ሊላላ የሚገባው ደግሞ አልላላ ብሎ ይጎትታል። አንዱ በሬ ወደ ፊት ሲስብ ሌላው ወደ ኋላ እንደሚል ጥማድ ነው። ሞፈሩ ቢጎዳ አይገርምም፤ እዚህ ሞፈሩ ከጉልበት ሎሚ ሥር ወደ ቅልጥም የሚወርደው ጅማት ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብኝ። ፈሳሹ መወፈሩ፣ ጡንቻው መድከሙ፣ ቅንጅቱ መታወኩ የተለኩ ነገሮች ናቸው። ጅማቱ በዚህ ምክንያት ይጎዳል የሚለው ግን ከእነዚህ ተነስቶ የሚደረስበት ምክንያታዊ ግምት እንጂ ራሱን ችሎ የተለካ ነገር አይደለም። ግምቱ ክብደት የሚያገኘው ብስክሌት አንድን እንቅስቃሴ ስንት ጊዜ እንደሚደጋግም ስናስብ ነው። በደቂቃ 85 ጊዜ ፔዳል የሚያዞር ሰው በአንድ ሰዓት 5,100 ጊዜ ያዞራል፤ እያንዳንዱ ጉልበት 5,100 ጊዜ ይታጠፋል፣ 5,100 ጊዜ ይዘረጋል። ከአዲስ አበባ ሱሉልታ ደርሶ መልስ ብቻ ብዙ ሺህ ነው። እርምጃ እንደ መንገዱ ይለዋወጣል፤ ፔዳል ግን በአንድ ክብ ላይ፣ በአንድ ማዕዘን ይመላለሳል። ስለዚህ ትንሽ ስሕተት ትንሽ ሆና አትቀርም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመና 109 ፕሮፌሽናል ብስክሌተኞችን የጠየቀ ጥናት፣ ተወዳዳሪዎቹን በብዛት የሚያማቸው ወገባቸው ቢሆንም፣ ከልምምድና ከውድድር በማስቀረት ረገድ ግን ጉልበት ቀዳሚ መሆኑን አሳይቷል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያውና ጠንካራው እንዲህ ይላል፦ የጉልበት ሕመም የሚመጣው ከኮርቻ ነው እንጂ ከብርድ አይደለም። እውነት አለው፤ እንዲያውም ብዙ እውነት። ኮርቻው በጣም ዝቅ ሲል ጉልበት ከልክ በላይ እየታጠፈ ይገፋል፣ የጉልበት ሎሚውም ከሥሩ ካለው የጭን አጥንት ጋር በኃይል ይጫናል። በተለምዶ የሚመከረው፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ታጥፎ እንዲቀር ነው። ኮርቻው ያልተስተካከለለት ሰው ጉልበቱን በአምስት ሹራብ ቢጠቀልል አይድንም። ይህን አምኜ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ ብርድ ምንም አያመጣም ማለት አይከተልም። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት በሩም ሊያፈስ ይችላል። ኮርቻው ሳይነካ ዓመቱን ሙሉ ደህና የነዳ ሰው ጥቅምት ሲገባ ጠዋት ጠዋት ጉልበቱ የሚገተር ከሆነ፣ የተለወጠው ኮርቻው አይደለም። አንዳንዴ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ በሙቀት ጊዜ ጉልበት ችሎት ያለፈው ትንሽ የኮርቻ ስሕተት ብርድ ሲጨመርበት ይገለጣል።

ሁለተኛው ከተቃራኒው ወገን የሚመጣ ነው። ብርድ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ገብቶም ይቀመጣል፣ በእርጅና ቁርጥማት ሆኖ ይወጣል የሚል እምነት በብዙ ቤት አለ። እነዚህ ሰዎች ጉልበትህን ሸፍን ሲሉ ከእኔ ጋር ይስማማሉ፤ ምክንያታቸውን ግን ልቀበለው አልችልም። ብርድ ገብቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ የሙቀት መጉደል ነው፣ ሲሞቅ ይሄዳል። የመገጣጠሚያ መበላት ከዕድሜ፣ ከክብደት፣ ከቀድሞ ጉዳትና ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። የአየር ጠባይ ሕመሙን ያባብሳል የሚለውም ቢሆን ሲመረመር ያን ያህል ጽኑ አልሆነም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ከ11 ሚሊዮን በላይ የሐኪም ቤት ጉብኝቶችን ከዝናብ ቀናት ጋር ያስተያየ ጥናት፣ በዝናብ ቀን ስለ መገጣጠሚያና ስለ ጀርባ ሕመም የሚያመለክተው ሰው በርክቶ አላገኘም። ሌሎች ጥናቶች ከእርጥበትና ከአየር ግፊት ጋር መጠነኛ ግንኙነት አግኝተዋል። ስለዚህ ዛሬ ጉልበቱን ሳይሸፍን የነዳ ወጣት በስልሳ ዓመቱ ያነክሳል ብሎ ማስፈራራት ትክክል አይደለም። ፍርሃት ሰውን ለአንድ ሳምንት ያለብሰዋል፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሲያይ ልብሱንም ምክሩንም አንድ ላይ ይጥለዋል። የእኔ ምክንያት ከዚህ ያነሰ ነው፤ ስላነሰ ግን ይጸናል። የቀዘቀዘ ጉልበት ዛሬ ጠዋት፣ በዚህች አንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሥራውን በደንብ አይሠራም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ዓይንን ምስክር ያደርጋል። ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች በዝናብና በብርድ ራቁት ጉልበት ሲነዱ በቴሌቪዥን ይታያሉ፤ እነሱ ምን ሆኑ ይባላል። መጀመሪያ የታዘብነውን እንመርምር። ተወዳዳሪ በውድድር ላይ የሚያወጣው ኃይል ወደ ሥራ የሚሄደው ሰው ከሚያወጣው እጅግ ይበልጣል፤ ምድጃው ትልቅ ነው። አንዳንዴም ከመነሻው በፊት ይሟሟቃል። እነዚያው ሰዎች ልምምድ ላይ ሲታዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉልበታቸው ተሸፍኖ ነው። ምድጃው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ታሪክ አንድ ትልቅ ምሳሌ ትቶልናል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1988 የጣሊያን ዙር ውድድር ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጋቪያን ተራራ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ አቋረጠ። ሆላንዳዊው ዮሃን ፋን ደር ፌልደ አጭር እጅጌ ለብሶ ሁሉንም ቀድሞ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሽቅብ ሲወጣ ብርዱ አላቆመውም፤ ምድጃው እየነደደ ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን እግሩ ሥራ አቆመ፣ ሙቀት ማመንጨቱም አብሮ ቆመ፣ ነፋሱ ግን በረታ። ሰውነቱ ተንቀጥቅጦ መንዳት ስላቃተው ለመሞቅ ቆሞ፣ በዚያ ቀን ከ40 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። በዚያው ዕለት ልብስና ሞቃት መጠጥ አስቀድሞ የተዘጋጀለት አሜሪካዊው አንዲ ሃምፕስተን የመሪነቱን ሮዝ ማሊያ ለበሰ፣ ዙሩንም አሸነፈ። ጥንካሬ ሁለቱም ነበራቸው።

ፈረንሳዊው በርናር ኢኖም በዚህ ክርክር ብዙ ጊዜ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1980 ከሊዬዥ ተነስቶ ወደ ሊዬዥ የሚመለሰውን የቤልጂየም ውድድር በበረዶ ውስጥ አሸነፈ፤ ከ174 ተወዳዳሪዎች የጨረሱት 21 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በፈረንሳይ ዙር ቢጫ ማሊያ እንደለበሰ በጉልበት ጅማት ሕመም ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ያ በረዶ ነው ጉልበቱን ያሰናከለው ብሎ መደምደም ለእኔ ክርክር በጣም ይመቸኝ ነበር። አልልም። በሁለቱ መካከል ሦስት ወር ገደማና በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አለ፤ አንዱ ነገር ከሌላው በኋላ ስለመጣ ብቻ የእሱ ልጅ አይሆንም። ከበረዶው ጋር በቀጥታ የተያያዘው ሌላ ነገር ነው፦ ኢኖ በዚያን ቀን ሁለት ጣቶቹ ተጎድተው ከዚያ በኋላም ሙሉ ስሜታቸው እንዳልተመለሰ ይነገራል። ብርድ ጀግናን አይለይም፤ የሚመታው ግን ምድጃ ከሌለበት ቦታ ጀምሮ ነው።

ልብስ አያስፈልግም፣ የሚያቃጥል ቅባት ይበቃል የሚሉም አሉ። ቤልጂየም ውስጥ ተወዳዳሪዎች እግራቸውን ቅባት መቀባታቸው የቆየ ልማድ ነው፣ በእኛም አገር ጉልበትን በቅባት ማሸት የተለመደ ነው። ቅባቱ ለምን እንደሚያቃጥል ዛሬ በደንብ ይታወቃል። አንዳንዶቹ ቅባቶች ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ነገር ሚጥሚጣን ሚጥሚጣ የሚያደርገው ያው ንጥረ ነገር ነው። ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው ሳይንቲስት ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር እ.ኤ.አ. የ2021 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ፣ ዋና ሥራው ይህ ንጥረ ነገር የሚነካውን የነርቭ መቀበያ ማግኘቱ ነበር። መቀበያው በእውነተኛ የሚያቃጥል ሙቀትም በቃሪያም ይነቃል፤ አንጎል ሁለቱን አይለይም። ሚጥሚጣ የበላ ሰው አፉ ተቃጠለ እንጂ አልሞቀም፤ ቅባት የተቀባ ጉልበትም እንዲሁ ነው። ይባስ ብሎ ቆዳው ሲቀላ ደሙ ወደ ውጭ ቀርቧል ማለት ነው፣ ቆዳውን ለነፋስ ክፍት አድርገን ከተውነው ያ ደም ሙቀቱን ያጣል። ብርዱ እንዳይሰማን ማድረግና እንዳይበርደን ማድረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያውን ስለሚያፍን አደጋም አለው። ከልብስ ሥር መጠነኛ ቅባት ማሸት ለሚወድ ሰው አልከለክልም፤ እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን እንዳይነካ ብቻ።

ታዲያ ምን ይልበስ? ጉልበት ተበዳሪ ነው ካልን መልሱ ከዚያው ይወጣል። የጉልበት ሎሚውን ብቻ የሚሸፍን ጠባብ ማሰሪያ ግማሽ መልስ ነው፤ አበዳሪውን ራቁት ትቶ ተበዳሪውን ማልበስ ስለሆነ። ሽፋኑ ከቁምጣው ሥር፣ ከጭን መካከል ተነስቶ እስከ ባት መካከል መውረድ አለበት፤ ወደ ጉልበት የሚወርደው ደም መንገድ ላይ እንዳይቀዘቅዝ። በገበያ የሚገኙት ተጎትተው የሚለበሱ የጉልበት ሽፋኖች በዚህ ርዝመት የተሠሩ ናቸው፣ ረጅም ታይትም ያው ነው። ዋጋው ይከብዳል ለሚል ሰው ያረጀ የሱፍ ሹራብ እጅጌ ተቆርጦ፣ ከላይ ላስቲክ ገብቶበት ከሞላ ጎደል ያንኑ ሥራ ይሠራል። ጨርቁ ግን ልዩነት አለው። ጥጥ ደረቅ ሲሆን ይሞቃል፣ ሲረጥብ ግን ውኃውን ይዞ ይቀመጣል፤ ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ሃያ አምስት ጊዜ ያህል በሚበልጥ መጠን ያስተላልፋል። ዝናብ የመታው ጋቢ ለብሶ ያደረ ሰው ይህን ያለ ሳይንስ ያውቀዋል። የበግ ፀጉር ቢረጥብም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም፤ የመንዝ ሰው ለአገሩ ውርጭ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና የሚለብሰው በከንቱ አይደለም። ወፍራም ሁሉ ግን ጥሩ አይደለም። ዳገት ላይ ላብ የሚያስወጣ ሽፋን ጫፍ ላይ የረጠበ ሽፋን ይሆናል፤ ስለዚህ ለ10 ዲግሪ ስስና ነፋስ የማያስገባ ይበልጣል። ከኋላ ያለውን ቋንጃ አትርሱ፤ በሰዓት ከአምስት ሺህ ጊዜ በላይ የሚታጠፍ ቦታ ስለሆነ ወፍራም ስፌት እዚያ ካረፈ ይልጣል፣ በጣም የሚያጠብቅ ከሆነም ደም ይከለክላል፤ ያን ጊዜ ለማሞቅ የተደረገው ነገር ያቀዘቅዛል። ሰፊ ሱሪ ለብሶ የሚነዳ ሰው ደግሞ የቀኙን እግር ከካቴናው ያርቅ፤ ከብርድ ያመለጠ እግር በካቴና ሲያዝ አያምርም።

ከስንት ዲግሪ በታች ነው የሚሸፈነው? በብዙ አሠልጣኞች ዘንድ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ የሚል ልማዳዊ ደንብ አለ። ከቤተ ሙከራ የወጣ ቁጥር አይደለም፣ ከልምድ የመጣ ነው፤ እንደ መነሻ ግን ያገለግላል። ለአዲስ አበባ ይህ ማለት ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል፣ ማለዳ ላይ።

ልብሱ ብቻውን ሥራውን አይጨርስም፤ የሚሠራው ያለውን ሙቀት መጠበቅ እንጂ አዲስ ማምጣት አይደለምና። የቀዘቀዘ እንጀራ በጨርቅ ቢጠቀለል አይሞቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ምድጃው ይለኮስ። ጡንቻ ደህና አድርጎ እስኪሞቅ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ በእነዚህ ደቂቃዎች ቀላል ማርሽ ይዞ ቶሎ ቶሎ ማዞር ይሻላል። ያዙልኝ ያልኩት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የመገጣጠሚያው ፈሳሽ በፍጥነት ሲንቀሳቀስ ስለሚቀጥን፣ ቀላልና ፈጣን ዙር ፈሳሹን ያላላዋል፣ ጅማቱም በእያንዳንዱ ዙር የሚሸከመው ሸክም ያንሳል። ከባድ ማርሽ ይዞ ከቤቱ በር በቀጥታ ዳገት የሚጋፈጥ ሰው የወፈረውን ፈሳሽ፣ የደከመውን ጡንቻና ቅንጅት ያጣውን ጥማድ በአንድ ላይ አስገድዶ ያሠራል። ቤቱ ዳገት ሥር የሆነ ሰው ምን ያድርግ? ጥቂት ደቂቃ በሜዳው ላይ ይመላለስ፤ ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ። ማርሽ የሌለው ብስክሌት የያዘ ደግሞ የመጀመሪያዋን ዳገት ወርዶ እየገፋ ቢወጣ ነውር የለበትም፤ እግር ጉዞም ምድጃ ይለኩሳል።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ለመገተርና ለብርድ ስሜት ነው። ጉልበቱ ያበጠ፣ ቀልቶ የሚያተኩስ፣ ሲታጠፍ የሚቆለፍ፣ ወይም ሞቆም ሌሊት የሚያመው ሰው ነገሩ የብርድ አይደለም፤ ሹራብ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልገዋል። ስንፍና አይደለም፣ ብስክሌቱን ለጥቂት ቀን ግድግዳ ላይ ማስደገፍ።

ለደህናው ጉልበት የሚቀረው ሽፋኑን መቼ ማውለቅ እንዳለብን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። የእንጦጦን ተራራ የሚወጣ ሰው ግማሽ ላይ ሲደርስ ይሞቀዋል፣ ሽፋኑን ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይጠቀልለዋል ወይም አውልቆ ኪሱ ይከተዋል። እስከዚህ ልክ ነው፤ ምድጃው እየነደደ ስለሆነ ማላቡ ይብሳል። ከዚያ ጫፍ ይደርሳል፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ልቡ እየመታ፣ ብርድ የሚባል ነገር መኖሩን ረስቶ። ወዲያው ቁልቁለቱን ይጀምራል። ያን ጊዜ ነው እግሩ ሥራ የሚያቆመው፣ ላቡ የሚተነው፣ ነፋሱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሆነው። ከታች ሲደርስና እንደገና ፔዳል ሲገፋ ጉልበቱ ያው የንጋቱ ቀዝቃዛ ጉልበት ነው፤ ያውም አሁን ሰውየው ሞቆኛል ብሎ ስለሚያምን ከባዱን ማርሽ ይዞ ይረግጠዋል። ስለዚህ ጫፍ ላይ ይቁም፣ ሽፋኑን ከኪሱ ያውጣ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ከጫማው በላይ ጎትቶ ያጥልቀው፣ ከላይ በቁምጣው ሥር ያስገባው፣ ከዚያ ፍሬኑን ፈትሾ ይውረድ። አንድ ደቂቃ ቢወስድ ነው።